የሞላ የገለባ ግድግዳ

ወንድሜ ሞላ የሞተ ዕለት ለቀስተኛው ከእኔ የጠበቀው ስለ ጉብዝናውና ስለ ደግነቱ እንዳለቅስ ነበር። በአገሩ ለቅሶ ሁሉ ግጥም የማወጣ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ትልልቅ ሴቶች ሲያለቅሱ እየሰማሁ ነው የያዝሁት። የራሴ ወንድም ሲሆን ግን ከአፌ የወጣው እበት ነው።

«ክንድህ እበት ለብሶ፣ ሳቅህ ጉና ደርሶ፣
ያ ቀን በመጣልኝ አንድ ጊዜ ተመልሶ» አልሁ።

ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ጎረቤታችን ጥበቡ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ይዞ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ከዚያ ከሁላችን በላይ አለቀሰ። ያን የእበት ቀን የነበረ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። እኔ የምጽፈው ላልነበረው ነው።

ቤታችን ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ብርዱ ጥር አይል፣ ግንቦት አይል። ሞላ ሠናይትን ከአንበሳሜ በኩል አግብቶ ሲያመጣት ያስገባት አባታችን የተወልን አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ የታየ፣ ነፋስ ባንዱ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቤት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ አባቷ ቄስ ምሕረትአብ ሊወስዷት መጡ፤ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና። አድረው ሲነጋ ቄሱ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ እንዲህ አሉ፦

«ሞላ፣ ይኸ ቤት ሳይሆን ወንፊት ነው። ልጄ ክርስትና አስነሥታ ስትመለስ ነፋስ የማይገባበት ግድግዳ ካላቆምህ፣ እሷም ልጇም አንበሳሜ ይቀራሉ። የልጅ ልጄን ለጉና ብርድ አልሰጥም።»

«እሺ አባ» አለ ሞላ። ሌላ ምን ይበል? ሠናይት በቅሎ ላይ ሆና እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ወደ ኋላ እየዞረች ሄደች።

ችግሩ እንጨት ነበር። ያለን ባሕር ዛፍ ለምሰሶና ለጣራ እንጂ ለግድግዳ አይበቃም። ሞላ ግን ባለፈው በጋ ደብረ ታቦር ለቀን ሥራ ሄዶ አንድ የዘር መጋዘን በገለባ ሲሠራ አይቷል። በገለባ! ገለባውን በእንጨት ሳጥን ውስጥ ጠቅጥቀው፣ በገመድ ጥፍር አድርገው አስረው፣ እስሩን እንደ ጡብ ይደረድሩታል። የእሱ ሥራ እስሩን እየተሸከመ ማቀበል ነበር። ግድግዳው እንደ ቆመ፣ ልስኑ ሳይጀመር፣ ዝናብ መጣና ወደ እርሻው ተመለሰ።

«እታለም» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ፣ «ውስጡ ገብተሽ ብትቆሚ ውጭ ያለው ነፋስ ጭራሽ አይሰማሽም። ውፍረቱ ይኸን ያህላል!» ክንዱን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ዘረጋልኝ።

ሳጥኑን ራሱ አበጀ። ገብስ እንደ ተወቃ ገለባውን ሁሉ ሰበሰብን። እሱ ይሞላል፣ እኔ ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ በእግሬ እጠቀጥቃለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ገመዱን ይዘን ወዲያና ወዲህ እንጎትታለን። እስሩ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነው። ሞላ አንዱን መሬት ላይ ወርውሮ ይዘልበታል፣ «እይ እታለም፣ እይ!» ይላል፤ እንደ ልጅ ነበር የሚያደርገው።

የአገሩ ሰው ግን መሳቂያ አደረገን። ከሁሉም የባሰው ጥበቡ ነው። ጥበቡ ጭቃ በመምረግ የታወቀ ሰው ነው፤ እሱ ያልነካው ግድግዳ በቀበሌያችን የለም ማለት ይቻላል።

«ሰው ገለባ ለበሬው ይከምራል» ይላል፣ በደጃችን ባለፈ ቁጥር፣ «ሞላ ለሚስቱ ከመረ!»

ግንቦት ሲገባ ግድግዳው ቆመ። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት አለው፤ እስሮቹ በሹል እንጨት እርስ በርስ ተሰፍተዋል፤ ከላይ የሣር ክዳኑ ሰፋ ብሎ ወርዷል። ግድግዳው ግን ገና ራቁቱን ነው። ግንቦት ደግሞ ከብት የሚራብበት ወር ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ የጥበቡ በሬ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ሲያመነዥግ አገኘነው። ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ጉድጓድ አብጅቷል።

«ጥበቡ! በሬህ ቤቴን በላው!» ብሎ ጮኸ ሞላ።

«ቤትህ ጣፍጦት ነዋ!» አለ ጥበቡ ከበሩ ሆኖ። «ጨው ብትነሰንስበት ደግሞ ጓደኞቹንም ይጠራቸው ነበር!»

ሞላ ጉድጓዱን በገለባ ጠቅጥቆ ደፈነና ከዚያ ወዲያ ከቤቱ ደጅ አልጠፋም። ጭቃው ቀድሞ ተዘጋጅቷል። አፈሩን ቆፍሮ፣ ከይፋግ በኩል የመጣ የጤፍ ጭድ ጨምሮበት፣ ውሃ እያጠጣ እየረገጠ በጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦታል። ጭቃ ካልሸተተ አይይዝም፤ የሞላ ጭቃ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ይሸት ነበር። ደቦው ለሚቀጥለው ሳምንት ተጠርቷል፤ ጠላውም ለዚያው ተጠንስሷል።

ታዲያ ሞባይል ገና ወደኛ አገር አልገባም ነበር። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከደብረ ታቦር ገበያ የሚመለስ ሰው በደጃችን ቆመና፣ «ሞላ፣ አማትህ ነገ ይመጣሉ!» አለ። «ደብረ ታቦር ወንድማቸው ቤት ነው ያሉ። ሠናይትም ሕፃኗም አብረው ናቸው።»

ሞላ ሰውየውን አመሰግንሃለሁ እንኳ አላለውም። ዘሎ ከቤቱ በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወጣና ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ደቦው ነገ ነው! ሰው ሆይ፣ ደቦው ነገ ነው!»

ከማዶው ሰፈር መልስ መጣ። «ጠላው ደርሷል ወይ?»

«ጉሽ ነው!»

ከዚያ፣ «ጉሹንም እንጠጣዋለን!» አሉ፤ ሳቃቸው በሸለቆው ውስጥ እየተንከባለለ መጣ።

በማግስቱ ፀሐይ ገና ሳትወጣ ደጃችን በሰው ተጥለቀለቀ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡና በዘፈን ይረግጡ ጀመር። ሴቶቹ ግማሾቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ግማሾቻችን ምግብና ጠላ ላይ ነን። ጥበቡ መጨረሻ መጣ። እጀ ጠባቡን አውልቆ ለሚስቱ ለጥሩወርቅ ወረወረላትና፣ እጁ ላይ ምራቁን እንትፍ እያለ አሸት አሸት አደረገ።

«ሞላ፣ ቤትህን በሬዬ ጀምሮታል፣ እኔ ልጨርሰው» አለ።

ወገኛ ቢሆንም ሲመርግ ማየት ደስ ይላል። ጭቃውን በሁለት እጁ ይጨብጥና ከትከሻው በላይ አንሥቶ ጧ! ያደርገዋል። ሌሎቹም ተሰልፈው ጧ! ጧ! ጧ! ይላሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ፀሐዩ ሳይከር ለብሶ አለቀ። ሞላ ያጨበጭባል፣ ይዘላል፣ ጠላ ያዛል። እኔም እልል ብያለሁ።

እልልታዬ ሳያልቅ አንድ ድምፅ ሰማን። ግድግዳው ከላይ ጀምሮ፣ የሰነፍ ሰው ጋቢ ከትከሻው እንደሚወርድ፣ ቀስ እያለ ይንሸራተት ጀመር። ከዚያ ዱብ! ጭቃው በሙሉ እግራቸው ሥር ተቆለለ። ገለባው አንድም ነገር እንዳልነካው ቢጫ ሆኖ ወጣ።

ጥበቡ የወደቀውን አፈሰና እንደገና ወረወረው፤ በኃይል። ትንሽ ቆየና እንደገና ወደቀ።

«ይኸ ገለባ ቅባት አለው?» አለ ጥበቡ።

«ቅባት የለውም» አለች ጥሩወርቅ ከጠላው ጋን አጠገብ ሆና። «አንተ ሰውዬ፣ ማገር መስሎህ ነው የምትወረውረው። ማገር ጭቃውን አሳልፎ ከወዲያ በኩል ይጨብጥልሃል። የታሰረ ገለባ በምኑ ይጨብጥህ?»

«ታዲያ ምን ላድርገው? ልለምነው?»

«ጎተራ ስንመርግ አይተህ አታውቅም? መጀመሪያ እበቱን ከቀይ አፈር ጋር አቅጥነን፣ በመዳፋችን እያሸን ለጎተራው ቀጤማ እናጠጣዋለን። እሱ ሲጠጣ ነው ወፍራሙን የሚቀበል።»

«እሱማ የሴት ሥራ ነው።»

«እንግዲያስ የሴት ግድግዳ ነው!» አለችና ጋኑን ትታ ተነሣች።

ይኸን የማያውቅ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። በእኛ አገር ጭቃ መወርወር የወንድ ነው። እበት ግን ወንድ አይነካም። በረት የምንጠርግ፣ ወለል የምንለቀልቅ፣ ጎተራ የምንመርግ እኛ ነን። ጭቃ እስከ አንገቱ ቢውጠው የማይከፋው ወንድ፣ እበት ጣቱን ሲነካው በሣር ይጠርጋል። ስለዚህ እኛ ሴቶቹ እበት ሰብስበን፣ በጥብጠን፣ በመዳፋችን ገለባው ውስጥ ማሸት ስንጀምር ወንዶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ መግቢያው ጠፍቷቸው ነው።

እኛ ደግሞ ጥቂት ነን፤ ግድግዳው አራት ማዕዘን፣ ውስጥም ውጭም አለው። ቀና ስል የጉና ራስ ጠቁሯል። ደመናው ወደ እኛ ይወርዳል። የታሰረ ገለባ አንዴ ውስጡ ድረስ ከረጠበ ይበሰብሳል፤ የዓመት ልፋታችን ፍግ ይሆናል። ሠናይት ደግሞ መንገድ ላይ ናት።

ሞላ ደመናውን አየ። ወንዶቹን አየ። ከዚያ እጅጌውን እንኳ ሳይሰበስብ ሁለት ክንዱን እበቱ ውስጥ እስከ ክርኑ አስገባ።

«ኧረ ሞላ!» አለ አንዱ።

«ምን ሞላ ትለኛለህ! ሚስቴ አንበሳሜ ከምትቀር እኔ እበት ብሆን ይሻለኛል!» አለና ግድግዳውን እንደሚያቅፍ ሰው ተጠመጠመበት። ያሽ ጀመር። ፊቱም ደረቱም አረንጓዴ ሆነ። እየሳቀ ነው የሚያሽ። «ይይዛል! እታለም፣ ነይ እይ፣ ይይዛል!»

ጥሩወርቅ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ ወፍራሙን እጠብቃለሁ።»

«ና ወደዚህ! ስታገባኝ እጄ ይኸው እጅ ነበር። ያኔ ሸተተኝ ብለሃል?»

ወንዱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጥበቡ ወደ ሰማይ አየ፣ «በስመ አብ» አለ፣ ዓይኑን ጨፈነና እጁን ነከረ። ከዚያ ዓይኑን በልጥጦ ከፈተ።

«ይሞቃል እኮ!»

«ዛሬ ጠዋት የወጣ ነዋ፤ ከበሬህ ነው!» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። አንዱ ሲገባ ሁሉም ገባ። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ግድግዳውን ከበበው። ሴቶቹ «እንዲህ አይደለም፣ በመዳፍህ ግፋው፣ አታባብለው!» እያልን እናርማለን። ውስጡን ወንዶቹ፣ ውጩን ሴቶቹ ይዘን ማን ይቀድማል ተባባልን። ጥበቡ እርጥቡ ላይ ወፍራሙን ጭቃ ሞከረና እጁን አንሥቶ ጠበቀ። አልወደቀም። በጡጫው መታው፤ አልወደቀም። እንደ ጎረምሳ ፎከረ! ምሥራቁ ለበሰ፣ ደቡቡ ለበሰ፣ ሰሜኑ ለበሰ። ውስጡም እበቱን ጠጥቶ አለቀ። የቀረው ዝናብ የሚመታው የምዕራቡ ግድግዳ ነበር፤ እሱም እበቱን ጠጥቷል፣ ወፍራሙን ግን ገና አልለበሰም።

የመጀመሪያው ነጠብጣብ አንገቴ ላይ ሲወርድ በቅሎዋ ከታጠፊያው ብቅ አለች።

ቄስ ምሕረትአብ ከፊት በእግራቸው፣ ጥላቸውን ይዘው፣ የበቅሎዋን ልጓም እየሳቡ ይወጣሉ። ሠናይት ሕፃኗን ታቅፋ በቅሎ ላይ ናት። ቄሱ ደጃፉ ጋ ደረሱና ቆሙ። ሽማግሌ ሳይቀር ወንዱ ሁሉ እስከ ክንዱ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ጥበቡ እጁን ወደ ጀርባው ደበቀ።

«ምን ጉድ ነው?» አሉ ቄሱ።

«እንኳን ደህና መጡ አባ» አለ ሞላ። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለና እጁን አይቶ ተወው። «ይግቡ፣ ዝናብ መጣ።»

«ሳላየው አልገባም። ሠናይት ትግባ፤ ከሕፃኗ ጋር ዝናብ አይምታት። ጭነቱ ግን እንዳለ ይቆይ።»

እኔ ሕፃኗን ተቀብዬ ሠናይትን አስገባኋት። ምሕረት የለውም፣ በረዶ ነበር የመጣው። ነፋሱ ከጉና እየተወረወረ በቀጥታ የምዕራቡን ግድግዳ መታው። ሴቶቹ ገባን። ወንዶቹም ተከትለው ሊገቡ ሲሉ ሞላ ወደ ኋላ ሮጠ። በበሩ አንገቴን አውጥቼ ሳይ፣ ወደዚያ ግድግዳ ሄዶ ጀርባውን አስደግፎ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። በረዶው ፊቱን ይገርፈዋል።

«አብደሃል!» ብዬ ጮኽሁ።

«ወፍራሙን አልለበሰማ!» አለ።

ጥበቡ ተሳደበ። ምን እንዳለ አልጽፍም። ከመደቡ ላይ የላም ቁርበት አንሥቶ ወጣና ከሞላ ጎን ቆመ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጋቢ የያዘ ጋቢውን፣ ቁርበት የያዘ ቁርበቱን ራሱ ላይ እያደረገ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ግድግዳውን በጀርባቸው ሸፈኑት። በረዶው ቁርበቱን እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ እነሱ ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። ከሰልፉ መካከል ክፍተት ነበር። ቄስ ምሕረትአብ ጥላቸውን ከፍተው እዚያ ክፍተት ውስጥ ገቡ።

«አባ፣ እርስዎ ይተዉ!» አለ ሞላ።

«ዝም ብለህ ቁም» አሉት።

በረዶው እንደ መጣ አለፈና ቀጭን ዝናብ ቀረ። ሁሉም ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ። ቄሱ ከእቅፋቸው ጧፍ አወጡ፤ ቤቱን እጸልይበታለሁ ብለው ይሆናል ያመጡት። ክብሪት ለኮሱ። ጧፉን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«ገለባ ነው እኮ…» አለ ጥበቡ በሹክሹክታ።

«ለብሷል» አለች ጥሩወርቅ። እሷም ግን ትንፋሿን ይዛለች።

ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ቄሱ ነበልባሉን ይዘው በግድግዳው ሥር ቀስ እያሉ ሄዱ። ነፋስ ሲፈልጉ ነው። የምዕራቡን ግድግዳ ጨረሱ፤ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰሜኑን፣ ምሥራቁን ጨረሱ፤ አልተንቀሳቀሰም። ሠናይት ከንፈሯን ነክሳ እጃቸውን ትከተላለች። ከበሩ መቃን ጋ ሲደርሱ ነበልባሉ ተጋደመ።

ቄሱ ሞላን አዩት።

ሞላ ከጥበቡ ክንድ ላይ የተረፈውን እበት በጣቱ ጠርጎ፣ ገለባ ደባልቆ፣ በመቃኑና በግድግዳው መካከል ጠቀጠቀው። በመዳፉ አሸው፤ እንደ ጎተራ። ቄሱ ጧፉን መልሰው አስጠጉ። ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ዘንበል አለና ተስተካክሎ ቆመ።

ቄሱ እፍ ብለው አጠፉት።

«በሉ በቅሎዋን አራግፉ» አሉ። «ልጆች ብርድ አይምታቸው። ጉሽም ቢሆን ጠላ ካለ ስጡኝ።»

እልልታው የሣሩን ክዳን ያነሣ መሰለኝ። ጥበቡ ጥሩወርቅን በእበት እጁ አቅፎ አነሣት፤ ስትሰድበው ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ሠናይት ሕፃኗን ከእኔ ወሰደችና ሞላ ፊት ቆመች።

«ማህሌት ትባላለች» አለች። «ያዛት እንጂ።»

ሞላ እጁን አየ፣ ልጁን አየ። «ቆይ፣ ታጥቤ ልምጣ! አንዴ ብቻ!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ወደ ደጅ ሮጠ። ከክዳኑ ጠርዝ በታች ቆሞ እጁን የሚታጠብበት የዝናብ ውሃ እስኪወርድለት ጠበቀ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

«አሁን ነው የምታቆመው?» ብሎ በጉና ላይ ሲጮኽ፣ ቄሱ እንኳ ጠላቸውን ይዘው ሳቁ።